የአይሮፕላን ማረፊያ የእንግዳ አዳራሽና የክሬዲት ካርድ ሒሳብ

ለንግድ መንገደኞች የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ በሱቅ ተቀምጦ ብቻ የሚከናወን አይደለም። አስመጪው ዕቃውን ለመምረጥ ወደ ዱባይ፥ ወደ ጓንጁ ወይም ወደ ሙምባይ ይሄዳል፤ ላኪውም ገዥውን ለማግኘት ባሕር ይሻገራል። በዚህ ጉዞ ውስጥ ይበልጥ የሚያታክተው ብዙ ጊዜ በአየር ላይ የሚያልፈው ሰዓት ሳይሆን በአይሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት ነው። ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው ለመዛወር አራትና አምስት ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነገር ነው። በዚህም ጊዜ መንገደኛው በጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ቡናውን በውድ ዋጋ እየገዛ፥ የስልኩን ባትሪ የሚሞላበትን ሶኬት እየፈለገ ይደክማል። ከግድግዳው በስተጀርባ ግን ለስላሳ ወንበር፥ ምግብና መጠጥ፥ ኢንተርኔት፥ አንዳንድ ጊዜም የገላ መታጠቢያ የተዘጋጀበት አዳራሽ አለ። ይህም በተለምዶ ላውንጅ የሚባለው ነው።

ወደዚህ አዳራሽ የሚገባው በቀድሞ ጊዜ በአብዛኛው የከፍተኛ ማዕረግ ቲኬት የያዘ ሰው ነበር። ዛሬ ግን በዝቅተኛው ማዕረግ የሚጓዝ ነጋዴም ከባንክ ባገኘው ካርድ አማካይነት ሊገባ ይችላል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰዎች «ካርዴ በነፃ ያስገባኛል» ሲሉ ይሰማሉ። ነፃ የሚለው ቃል ግን ለነጋዴ ሁልጊዜ ጥርጣሬን ሊያሳድርበት ይገባል። የአዳራሹ ዋጋ አስቀድሞ የተከፈለ ነው እንጂ ያልተከፈለ አይደለም። ስለዚህ ነጋዴው ማንኛውንም ሸቀጥ ከመግዛቱ በፊት እንደሚያደርገው ሁሉ ይህንንም በሚዛን አስቀምጦ ዋጋውንና ጥቅሙን መመርመር አለበት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአዳራሹ አመጣጥ

በአየር መንገዶች ታሪክ የመጀመሪያው የእንግዳ አዳራሽ ተብሎ የሚታወቀው አሜሪካን ኤርላይንስ በ1939 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በላጋርዲያ አይሮፕላን ማረፊያ የከፈተው አድሚራልስ ክለብ ነው። በዚያ ዘመን ወደ አዳራሹ የሚገባው አየር መንገዱ ራሱ የመረጠውና የጋበዘው ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎች አየር መንገዶችም ይህንኑ ተከትለው ለከፍተኛ ማዕረግ መንገደኞቻቸውና ለዘወትር ደንበኞቻቸው አዳራሽ አዘጋጁ።

አዳራሹን ለማንኛውም መንገደኛ በዋጋ የመሸጥ ሐሳብ እየበረታ የሄደው ዘግይቶ ነው። በዚህ ረገድ የሶንግ ሆይ ሲ ታሪክ ለነጋዴዎች ትምህርት ይሰጣል። እኚህ ሰው የባንክ ባለሙያ በነበሩ ጊዜ በከፍተኛ ማዕረግ ይጓዙ ስለ ነበር የአዳራሹ በር ክፍት ነበረላቸው። ሥራቸውን ለቀው የራሳቸውን ንግድ ሲጀምሩ ግን ወጪ ለመቀነስ በዝቅተኛው ማዕረግ መጓዝ ጀመሩ፤ በሩም ተዘጋባቸው። እንደ እርሳቸው ያለ በራሱ ገንዘብ የሚጓዝ ነጋዴ ብዙ መሆኑን ስለ ተረዱ በ1998 ዓ.ም. ፕላዛ ፕሪሚየም የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ይህ ድርጅት በየትኛውም አየር መንገድና በየትኛውም ማዕረግ ለሚጓዝ ሰው አዳራሹን በሰዓት ልክ በገንዘብ የሚሸጥ ነው።

ካርዱ ከአዳራሹ ጋር የተገናኘበት መንገድ

የዱቤ ካርድም የራሱ ታሪክ አለው። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በ1950 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሲጀመር ዓላማው ደንበኛው በምግብ ቤት በልቶ ሒሳቡን በወሩ መጨረሻ እንዲከፍል ነበር። ድርጅቱም ከምግብ ቤቶቹ ላይ ከመቶ 7 ኮሚሲዮን ይቀበል ነበር። በ1958 ዓ.ም. አሜሪካን ኤክስፕረስ የራሱን ካርድ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ያወጣው ካርድ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ።

አዳራሾቹ በብዙ አገር የተበተኑ፥ ባለቤቶቻቸውም ልዩ ልዩ በመሆናቸው አንድ ባንክ ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ መዋዋል ይከብደዋል። በዚህ መካከል ደላላ አስፈለገ። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው ፕራዮሪቲ ፓስ ይህንን ሥራ ይሠራል፤ ዛሬ ከ1,500 የሚበልጡ አዳራሾችና የጉዞ አገልግሎቶች በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። በ2005 ዓ.ም. በቻይና በጓንጁ ከተማ የተቋቋመው ድራጎን ፓስም ተመሳሳይ ሥራ ያከናውናል። ባንኩ ከእነዚህ ደላሎች አባልነትን በጅምላ ይገዛና ለካርድ ደንበኞቹ ያድላል። መንገደኛው በገባ ቁጥር ደላላው ለአዳራሹ ባለቤት ይከፍላል፤ ባንኩም በውሉ መሠረት ለደላላው ይከፍላል። እንግዲህ በበሩ ላይ ገንዘብ አለመጠየቁ ሒሳቡ በሌላ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ባንኩ ይህንን ወጪ የሚሸፍነው ከሦስት ኪሶች ነው።

1ኛ፤ ከዓመታዊ ክፍያ። አዳራሽ የሚያስገቡት ካርዶች አብዛኛዎቹ ከፍ ያለ ዓመታዊ ክፍያ አላቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ የቼዝ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ የተባለው ካርድ በ2016 ዓ.ም. ሲወጣ በዓመት 450 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ2020 ዓ.ም. 550 ዶላር፥ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ 795 ዶላር ሆነ። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲኒየም ካርድም በ2021 ዓ.ም. 695 ዶላር የነበረው በ2025 ዓ.ም. ወደ 895 ዶላር ከፍ ብሏል።

2ኛ፤ ከወለድ። ደንበኛው የወሩን ሒሳብ በሙሉ ካልከፈለ በቀረው ላይ ወለድ ይታሰብበታል። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ሆኗል። በዚህ ልክ 5,000 ዶላር ዕዳ ዓመቱን ሙሉ ይዞ የቆየ ሰው 1,000 ዶላር ያህል ወለድ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ሰው በአዳራሹ ውስጥ የጠጣው ቡና በዓለም ላይ እጅግ የተወደደው ቡና ነው።

3ኛ፤ ከባለ ሱቁ። ደንበኛው በካርድ በከፈለ ቁጥር ባለ ሱቁ ከሽያጩ ላይ ኮሚሲዮን ይቀነስበታል። በአሜሪካ ይህ ኮሚሲዮን በክሬዲት ካርድ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 3 ይደርሳል፤ ብዙ ጥቅም የሚሰጡት ካርዶችም ባለ ሱቁን ይበልጥ ያስወጡታል። በኤውሮፓ ኅብረት ግን በ2015 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ለግለሰቦች በሚሰጡ የክሬዲት ካርዶች ላይ ባንኮች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ክፍያ ከመቶ 0.3 እንዳይበልጥ ተወስኗል። በኤውሮፓ የሚሰጡ ካርዶች እንደ አሜሪካኖቹ ብዙ ስጦታ የማይሰጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ በካርድ የሚሸጥ ነጋዴ የአዳራሹን ወጪ ከሚሸከሙት አንዱ ራሱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል፤ እርሱም የከፈለበትን ነገር በአግባቡ ቢጠቀምበት አያስነውረውም።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፥ ሒሳቡን ከሁሉም ወገን ማገላበጥ ያስፈልጋል። ነጋዴው በመጀመሪያ በዓመት ስንት ጊዜ ወደ አዳራሽ እንደሚገባ ይቁጠር። በመካከል ሌላ አይሮፕላን የሚቀየርበት ጉዞ ደርሶ መልስ እስከ አራት መግቢያ ሊኖረው ይችላል፤ ቀጥታ ጉዞ ግን ሁለት ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል ፕራዮሪቲ ፓስ በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ ለግለሰብ ይሸጥበት የነበረውን ዋጋ መመልከት ይቻላል። ሦስት ደረጃዎች ነበሩ። የመጀመሪያው በዓመት 99 ዶላር ሆኖ በገቡ ቁጥር 35 ዶላር ያስጨምራል። ሁለተኛው 329 ዶላር ሆኖ አሥር መግቢያ ይሰጣል፤ ከአሥር በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ 35 ዶላር ይከፈላል። ሦስተኛው 469 ዶላር ሆኖ የመግቢያ ቁጥር ገደብ የለውም። ያለ አባልነት በበሩ የሚከፈለው ደግሞ 50 ዶላር ነው ተብሎ ይታሰብ።

በዓመት 4 ጊዜ ለሚገባ ሰው፤ በበሩ መክፈል 200 ዶላር፥ የመጀመሪያው ደረጃ 239 ዶላር ይሆናል።

በዓመት 6 ጊዜ ለሚገባ ሰው፤ በበሩ መክፈል 300 ዶላር፥ የመጀመሪያው ደረጃ 309 ዶላር ይሆናል።

በዓመት 7 ጊዜ ለሚገባ ሰው፤ በበሩ መክፈል 350 ዶላር፥ የመጀመሪያው ደረጃ 344 ዶላር፥ ሁለተኛው ደረጃ 329 ዶላር ይሆናል።

በዓመት 14 ጊዜ ለሚገባ ሰው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃ እኩል 469 ዶላር ይሆናሉ። ከዚያ በላይ ሦስተኛው ይረክሳል።

ከዚህ ሒሳብ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገኛል። በ99 ዶላር የሚሸጠውና ርካሽ የሚመስለው የመጀመሪያው ደረጃ በዚህ የበር ዋጋ ለማንም የሚረክስበት ቦታ የለም። እስከ 6 መግቢያ ድረስ በበሩ መክፈል ይሻላል፤ ከ7 ጀምሮ ሁለተኛው ይሻላል። የበሩ ዋጋ 60 ዶላር ቢሆን ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ ነጋዴው የሌላ ሰው ምክር ሳይሆን የራሱን የጉዞ ቁጥርና የሚያልፍባቸውን ከተሞች ዋጋ ይዞ ማስላት ይገባዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጥቅሙን ልክ ማወቅ ነው። አዳራሹ ለነጋዴው ያለው ዋጋ በበሩ ላይ የተጻፈው 50 ዶላር ሳይሆን፥ አዳራሹ ባይኖር ኖሮ ከኪሱ ያወጣ የነበረው ገንዘብ ነው። በዓመት 8 ጊዜ ገብቶ በእያንዳንዱ ጊዜ የ20 ዶላር ምግብና መጠጥ ያስቀረ ሰው ያተረፈው 160 ዶላር ነው። ካርዱ 795 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ የቀረውን 635 ዶላር ሌሎቹ የካርዱ ጥቅሞች መሸፈን አለባቸው። ከእነዚህም ውስጥ መቈጠር ያለባቸው ካርዱ ባይኖርም ነጋዴው በገንዘቡ ይገዛቸው የነበሩት ብቻ ናቸው። በጸጥታ ተቀምጦ የዋጋ ደብዳቤ መጻፍ፥ ሰውነት ታጥቦ ወደ ገበያ መግባት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ያንን ዋጋ የሚተምነው ካርዱን የሚሸጠው ባንክ ሳይሆን ነጋዴው ራሱ ነው።

በሮቹ እየጠበቡ ስለ መሄዳቸው

ካርዱን የያዘው ሰው ሲበዛ አዳራሾቹ ተጨናነቁ። በዚህም ምክንያት ባንኮችና አየር መንገዶች ደንባቸውን ማጥበቅ ጀመሩ።

አሜሪካን ኤክስፕረስ በ2013 ዓ.ም. በላስ ቬጋስ የመጀመሪያውን ሴንቱሪዮን አዳራሽ ሲከፍት የፕላቲኒየም ካርድ ባለቤት እንግዳ ይዞ ይገባ ነበር። ከ2023 ዓ.ም. የካቲት ወዲህ ግን በአሜሪካ ካርዱን ያወጣው ሰው በዓመት 75,000 ዶላር በካርዱ ካልተገበያየ ለእንግዳው 50 ዶላር መክፈል ግዴታው ሆነ። ዴልታ አየር መንገድም ከ2025 ዓ.ም. የካቲት 1 ቀን ጀምሮ የፕላቲኒየም ካርድ ባለቤቶች ወደ አዳራሾቹ የሚገቡበትን ቁጥር በዓመት 10 ጊዜ ብቻ አደረገ። ካፒታል ዋን ባንክ ደግሞ በ2021 ዓ.ም. ያወጣው ቬንቸር ኤክስ የተባለው ካርድ እንግዶችን በነፃ ያስገባ የነበረ ሲሆን፥ ከ2026 ዓ.ም. የካቲት 1 ቀን ጀምሮ ይህንን ጥቅም በዓመት 75,000 ዶላር ለሚገበያዩ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በሕንድም ኤች.ዲ.ኤፍ.ሲ. ባንክ ከ2023 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ የሬጋሊያ ካርድ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ 100,000 ሩፒ ካልተገበያዩ የአገር ውስጥ አዳራሽ መግቢያ እንዳያገኙ አደረገ።

ከዝርዝር የሚወጡ አዳራሾችም አሉ። ከላይ የተጠቀሰው ፕላዛ ፕሪሚየም ከ2021 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ከፕራዮሪቲ ፓስ ጋር የነበረውን ውል አቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ የአባልነት ካርዱን ብቻ ይዞ ወደ በሩ የሄደ መንገደኛ ካርዱ ሳይበላሽ በሩ ተዘጋበት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የካርድ ጥቅም ባንኩ በየጊዜው ሊለውጠው የሚችል ነገር ነው። ነጋዴው አምና በገባበት ደንብ ዘንድሮም እገባለሁ ብሎ መተማመን የለበትም፤ ዓመታዊው ክፍያ ከመታደሱ በፊት ደንቡን እንደገና ማንበብ አለበት።

እንግዳን ስለ መጋበዝ

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴዎችን የሚያሳስተው የእንግዳ ነገር ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ቡና አስመጪ ከሁለት ታላላቅ ላኪዎች ጋር ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል ተብሎ ይታሰብ። ከአዳራሹ በር ሲደርስ እንደ ባህላችን «ጋሼ፥ ቀድመው ይግቡ፤ በእኔ ነው» ይላል። አስተናጋጇ ካርዱን ተቀብላ ታሳልፋቸዋለች፤ በዚያ ሰዓት ገንዘብ የጠየቀ የለም። ሦስቱም በሉ፥ ጠጡ፥ ስለ ቡናው ዋጋ ተነጋገሩ። በመሄድና በመመለስ በአራት በሮች እንዲሁ አደረጉ። የአስመጪው ካርድ ግን እርሱን ብቻ እንጂ እንግዳን በነፃ የማያስገባ ነበር። በወሩ መጨረሻ በሒሳብ መግለጫው ላይ ለአንድ እንግዳ 35 ዶላር፥ ለሁለቱ በአራት በሮች 280 ዶላር ተጽፎ ያገኘዋል። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይህ ነው።

አስመጪው እንግዶቹን ማክበሩ ስሕተት አይደለም፤ ታላላቆችን ከበር መመለስም ነውር ነው። ስሕተቱ ዋጋውን ሳያውቅ መጋበዙ ነው። አስቀድሞ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ወይ 280 ዶላሩን በጉዞው ወጪ ውስጥ ያስገባው ነበር፥ ወይም እንግዶቹን በዚያ ገንዘብ በመልካም ምግብ ቤት ይጋብዛቸው ነበር።

በበሩ ላይ የሚያስፈልጉ ነገሮች

1ኛ፤ የባንኩን ካርድ መያዝ ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በአንዳንድ ካርዶች ደንበኛው የአዳራሹን አባልነት ከጉዞው በፊት በስሙ ማስመዝገብና የአባልነቱን ካርድ ወይም በስልኩ ላይ ያለውን ምልክት መያዝ አለበት።

2ኛ፤ የዕለቱ የመሳፈሪያ ካርድ ይጠየቃል። ብዙ አዳራሾች ለበረራው ከሦስት ሰዓት በላይ የቀረውን መንገደኛ አያስገቡም፤ ስለዚህ ረጅም ጥበቃ ያለው ሰው ይህንን አስቀድሞ ማጣራት አለበት።

3ኛ፤ አዳራሹ በየትኛው ተርሚናል እንደሚገኝና ከፍተሻው ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ሌላ ተርሚናል ለመሻገር የአገሩን ቪዛ የሚጠይቅ ቦታ አለና።

4ኛ፤ አዳራሹ ሲሞላ ካርድ የያዘውንም ሰው ሊመልሱት ይችላሉ። ይህም በደንባቸው ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ክርክር አያዋጣም።

5ኛ፤ በብዙ አዳራሾች የበረራ ጥሪ አይሰማም። በለስላሳ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰደው ነጋዴ አይሮፕላኑ ጥሎት ቢሄድ ከአዳራሹ ያተረፈውን ሁሉ በአንድ ቲኬት ይከስራል። ስለዚህ ሰዓቱን በስልኩ ደወል ይጠብቅ።

6ኛ፤ ምግቡ በዚያው የሚበላ ነው፤ በሻንጣ ይዞ መውጣት ደንብን የሚያፈርስና የሚያስነውር ነው።

የኢትዮጵያ ነጋዴ ሊመርጠው የሚችለው መንገድ

በኢትዮጵያ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ካርዶች ከሒሳብ ላይ የሚቀነስባቸው ወይም አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላባቸው ናቸው እንጂ የዱቤ ካርዶች አይደሉም። ስለዚህ ከላይ የተነገረው የዱቤ ካርድ ነገር በተለይ የሚመለከተው በውጭ አገር የሚኖሩትንና በዚያ ካሉ ባንኮች ጋር የሚሠሩትን ነጋዴዎች ነው። ሆኖም የአዳራሽ ጥቅም ከዱቤ ሳይሆን ከካርዱ ደረጃ ጋር የሚያያዝበት ጊዜ ስላለ፥ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ የያዘ ነጋዴ ጥቅሙ ለእርሱ ካርድ የተፈቀደ መሆኑን ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከካርድ ሌላ ደግሞ የታማኝ ደንበኛ መንገድ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ የስታር አላያንስ አባል ሆኗል። በሼባ ማይልስ መርሐ ግብር የጎልድ ደረጃ የደረሰ መንገደኛ የስታር አላያንስ ጎልድ መብት ስላለው፥ በዝቅተኛው ማዕረግ ቢጓዝም በማኅበሩ አየር መንገዶች በሚበርበት ጊዜ ከአንድ እንግዳ ጋር ወደ አዳራሽ ለመግባት ይፈቀድለታል። በየዓመቱ ብዙ ጊዜ ወደ ቻይናና ወደ ዱባይ የሚመላለስ ነጋዴ ጉዞውን በልዩ ልዩ አየር መንገዶች ከሚበትነው በአንድ ማኅበር ቢሰበስበው፥ የካርድ ዓመታዊ ክፍያ ሳይከፍል በሩ ሊከፈትለት ይችላል። እዚህም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለአዳራሹ ሲል በ200 ዶላር የሚበልጥ ቲኬት የገዛ ሰው የ50 ዶላሩን መግቢያ በአራት እጥፍ ገዛው ማለት ነው።

በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚጓዝ ባለ ሱቅ ደግሞ ካርድም አባልነትም አያስፈልገውም። ጥበቃው ረጅም በሆነ ጊዜ በበሩ ከፍሎ መግባት፥ አጭር በሆነ ጊዜ በውጭ መቀመጥ ይበቃዋል።

በጠቅላላው ነጋዴው ካርዱን ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄዎችን በወረቀት ላይ ጽፎ ይመልስ፤ በዓመት ስንት ጊዜ እገባለሁ? በማልፍባቸው ከተሞች የትኞቹ በሮች ይከፈቱልኛል? ለእንግዳዬ ስንት እከፍላለሁ? የወሩን ሒሳብ ሳላስተርፍ ለመክፈል እችላለሁን? አራተኛውን ጥያቄ በአዎንታ ለመመለስ የማይችል ሰው የቀሩትን ሦስቱን መመለስ አያስፈልገውም፤ ካርዱን መተው ይሻለዋል። አራቱንም በሚገባ የመለሰ ግን በአዳራሹ ውስጥ ሲቀመጥ የተቀመጠበትን ወንበር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ያለ ሐሳብ ቡናውን ሊጠጣ ይችላል።